ጥቁር ይዞ ለንግሥቲቱ ወታደር ምን ይመለሳል?

ቼዝ የሚጫወት ሰው ከጨዋታዎቹ ግማሹን በጥቁር ነው የሚጫወተው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ጊዜውንና ዝግጅቱን በዚሁ ልክ የሚያካፍል ግን ጥቂት ነው። ነጭ ሲደርሰን የወደድነውን እንከፍታለን፤ ጥቁር ሲደርሰን ግን የምንቀመጠው ባላጋራችን ባሰናዳው ማዕድ ላይ ነው። ባላጋራ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ያራመደ እንደሆነ ብዙው ሰው መልስ አያጣም፤ ፈረሶች ይወጣሉ፣ መስመሮች ይከፈታሉ፣ ጨዋታው ቶሎ ይሞቃል። የንግሥቲቱን ወታደር ያራመደ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሥር እርምጃ ያህል ምንም የተፈጠረ አይመስልም፤ ከዚያ ቀና ሲባል ጳጳሱ መውጫ የለውም፣ ግንቡ ከጥጉ አልተነሳም፣ ንግሥቲቱ የምትረግጠው ቤት ጠፍቷታል። ጥቁር የያዘው ሰው የሚሸነፈው ተመትቶ ሳይሆን ታንቆ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ላይ «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» የተባለው ተከታታይ ፊልም በኔትፍሊክስ ከወጣ ወዲህ ወደ ቼዝ የገባው ሕዝብ ብዙ ነው። የፊልሙ ስም ራሱ የተወሰደው ከዚሁ ከንግሥቲቱ ወታደር መክፈቻ ነው። ዛሬ ከሥራ መልስ በባቡር ላይ በስልኩ የሚጫወተውም፣ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤት ውድድር የሚያደርሰው ወላጅም ይህን መክፈቻ ደጋግሞ ያገኘዋል። መልሱን ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ የሚጠብቀው ገበያ ነው። «ይህን መከላከያ ተማሩ፤ ነጭን ድራሹን ታጠፋላችሁ» የሚል ቪዲዮና ትምህርት በየዓይነቱ ይሸጣል። ሰውየው አንዱን ገዝቶ ሦስት ጊዜ ሲሸነፍ ሌላውን ይገዛል። ዓመት አልፎ ሲታይ አምስት መከላከያ ጀምሯል፤ አንዱንም አያውቅም። ልጅ ከሆነ ደግሞ ጥቁር በደረሰው ቁጥር ፊቱ መጥቆር ይጀምራል፤ ጨዋታውንም እስከ ወዲያኛው የሚተወው ቀላል አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመከላከያዎች መካከል አንዱን አንግሦ ሌላውን ለማውረድ አይደለም። ስመ ጥሮቹ መከላከያዎች ሁሉ በተራ ተጫዋች ደረጃ ጥቁርን ያቆማሉ። የሚለያዩት ይዘውት በሚመጡት የችግር ዓይነት ነው። አንዱ ጠባብ ቤት ይሰጥሃል፣ አንዱ ደካማ ወታደር ያሸክምሃል፣ ሌላው ንጉሥህን ለነፋስ ያጋልጣል። ስለዚህ መከላከያ መምረጥ ማለት አብሮ መኖር የሚቻለውን ችግር መምረጥ ማለት ነው ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የማቀርበውም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ለመግባቢያ ያህል ጥቂት ልበል። የሰሌዳው ዓምዶች ከነጭ ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ ረድፎቹ ደግሞ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። የንግሥቲቱ ወታደር ሁለት ቤት ሲራመድ የሚያርፈው ዲ4 ላይ ነው። ቢሾፕ የሚሉትን ጳጳስ፣ ሩክ ወይም ካስል የሚሉትን ግንብ እለዋለሁ። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው። ሰሌዳ አጠገቡ አስቀምጦ የሚያነብ ይበልጥ ይጠቀማል።

የአንዲት እርምጃ ዕዳ

ጥቁር መከላከያ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ነጭ አንዲት እርምጃ ስለሚቀድም ነው። ይህ ነገር ለአያቶቻችን እንግዳ ይሆንባቸው ነበር። በአገራችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባላጋራ የሚያሰልፈውን በዓይናቸው እየተከታተሉ በየፊናቸው ያሰልፉ ነበር፤ ተራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚሁ ጨዋታ ታሪክና ደንብ እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈዋል። ወታደሩም ቢሆን ከመነሻው አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚራመደው።

ዛሬ በምንጫወተው ቼዝ ግን ተራ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ይጠበቃል፤ ወታደርም ከመነሻው ሁለት ቤት መዝለል ይችላል። በመሆኑም ነጭ ገና በአንድ እርምጃ ከመሀሉ አንዱን ቤት ይይዛል፤ ጥቁር ያንን አይቶ መመለስ አለበት። መከላከያ የምንለው ለዚች አንዲት እርምጃ ዕዳ የሚከፈልበትን መንገድ ነው።

ዲ4 ላይ የቆመው ወታደር ገና ከመነሻው በንግሥቲቱ የተጠበቀ ነው። የንጉሡ ወታደር ኢ4 ላይ ሲቆም እንዲህ ዓይነት ጠባቂ የለውም። ነጭ ቀጥሎ የሚመኘው ኢ4ንም ጨምሮ መሀሉን በሁለት ወታደር መያዝ ነው። ስለዚህ የጥቁር የመጀመሪያ ጥያቄ «ኢ4 እንዳይመጣ ልከልክል ወይስ መጥቶ ልምታው?» የሚል ነው። ስም ያላቸው መከላከያዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት ከሁለቱ መልሶች በአንዱ ስር ይገባሉ።

መሀሉን ይዞ መቆም

ቀጥተኛው መልስ ዲ5 ነው። ወታደር ለወታደር ይፋጠጣል፤ ኢ4 ይከለከላል። ነጭም ወዲያው ሲ4 ብሎ ከጎን ይመጣል፤ የንግሥት ጋምቢት የሚባለው ይህ ነው። ጥቁር እዚህ ላይ ሦስት ምርጫ አለው። በኢ6 መደገፍ፣ በሲ6 መደገፍ፣ ወይም ሲ4 ያለውን ወታደር መብላት።

በኢ6 መደገፍ እምቢታ ይባላል፤ ጋምቢቱን አልቀበልም ማለት ነው። የቆየና ብዙ የተፈተነ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ካፓብላንካና አሌኪን በቦነስ አይረስ ለዓለም ሻምፒዮንነት 34 ጨዋታ ሲጫወቱ 32ቱ በዚሁ መከላከያ ነበር የተከፈቱት። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቁት ሁለት ሰዎች ለወራት ሲደበድቡት አልፈረሰም። ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6፣ ጳጳሱን ኢ7 ያወጣል፤ ካስል ያደርጋል፤ ንጉሡ እንደ ቤቱ ባለቤት ተደላድሎ ይቀመጣል።

ችግሩስ? ሲ8 ላይ ያለው ጳጳስ ነው። ኢ6 ላይ የቆመው የገዛ ወገኑ ወታደር መንገዱን ስለሚዘጋበት ለረጅም ጊዜ በር ተቆልፎበት ይቀመጣል። ጥቁር ቢ6 ብሎ በሌላ በኩል ሊያወጣው ይችላል፤ ወይም ጊዜ ጠብቆ ሲ5 ወይም ኢ5 በማለት ሰሌዳውን ይከፍትለታል። ሁለተኛው ችግር ነጭ ሲ4 ባለው ወታደሩ ዲ5ን ሲበላና ጥቁር በኢ6 ወታደሩ ሲመልስ የሚመጣው ነው። ጳጳሱ በሩ ይከፈትለታል፤ ነገር ግን ነጭ በንግሥቲቱ ወገን ቢ4 ከዚያም ቢ5 እያለ በጥቂት ወታደሮች ብዙዎቹን ይገፋና ሲ6 ላይ ደካማ ወታደር ያስቀርብሃል። ይህን የሚያውቅ ጥቁር ፈረሱን ኢ4 ላይ ተክሎ በንጉሡ ወገን ሥራ ይጀምራል። የማያውቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅና ወታደሩን ይቀበራል።

ይህ መከላከያ አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። የሚከተለውን ይመልከቱ። ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ዲ5፤ ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ኢ6፤ ነጭ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁር ፈረስ ኤፍ6፤ ነጭ ጳጳስ ጂ5፣ ጥቁር ሌላውን ፈረስ ዲ7። አሁን ነጭ በሲ4 ወታደሩ ዲ5ን ይበላል፤ ጥቁር በኢ6 ወታደሩ ይመልሳል። ነጭ ሲያይ ኤፍ6 ያለው ፈረስ ከንግሥቲቱ ፊት ተቸንክሯል፤ ስለዚህ ዲ5 ላይ ያለው ወታደር በነጻ የቀረበ ይመስለዋል። በፈረሱ ይበላዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ጥቁር የተቸነከረውን ፈረስ አንስቶ የነጭን ፈረስ ይበላል፤ ንግሥቲቱን ይሰጣል። ነጭ በጳጳሱ ንግሥቲቱን ሲበላ ጥቁር ጳጳሱን ቢ4 ላይ አስቀምጦ ቼክ ይላል። ነጭ ንግሥቲቱን ዲ2 ላይ ከመጋረድ በቀር መላ የለውም። ጥቁር ይበላታል፤ ነጭ በንጉሡ ጳጳሱን ይበላል፤ ጥቁርም በንጉሡ ዲ8 ያለውን ጳጳስ ይበላል። ሒሳቡ ሲወራረድ ጥቁር በአንድ ወታደር አንድ ሙሉ ፈረስ አትርፏል። የዝሆን ወጥመድ ይሉታል።

በሲ6 መደገፍ ስላቭ ይባላል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ዲ5ን እደግፋለሁ፣ የጳጳሱን በር ግን አልዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1935 ኡቬ አሌኪንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ግጥሚያ ስላቭ ደጋግሞ ታይቷል። ችግሩ ጳጳሱ ቸኩሎ ሲወጣ ከኋላው ቢ7ን ባዶ ትቶ መሄዱ ነው። ሁለቱም ፈረሶቹን ኤፍ3ና ኤፍ6 ላይ ካወጣ በኋላ ነጭ ሁለተኛውን ፈረስ ሲ3 ሲያወጣ፣ ጥቁር ወዲያው ጳጳሱን ኤፍ5 ቢያደርግ ነጭ ዲ5 ላይ ይበላና ንግሥቲቱን ቢ3 ያደርጋል፤ ቢ7 ይጨነቃል። ስለዚህ የለመዱት ሰዎች መጀመሪያ ሲ4ን ይበላሉ፤ ነጭ ቢ5 እንዳይመጣ ኤ4 ሲል ያኔ ጳጳሱን ኤፍ5 ያወጣሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሌላው የስላቭ ጉድለት ነጭ ገና በሦስተኛው እርምጃ ዲ5ን በልቶ ሰሌዳውን ግራና ቀኝ እኩል ሲያደርገው ነው፤ አቻ የማይበቃው ሰው ይበሳጫል።

ሦስተኛው መንገድ መብላት ነው። ጋምቢት ተብሎ ይጠራ እንጂ ነጭ በእርግጥ ወታደር አልሰጠም። ጥቁር የበላውን ሙጭጭ አድርጎ እይዛለሁ ያለ እንደሆነ ይጎዳል። ነጭ ኢ3 ሲል ጥቁር ቢ5 ብሎ ይጠብቃል፤ ነጭ ኤ4፣ ጥቁር ሲ6፤ ነጭ ቢ5 ላይ ይበላል፣ ጥቁርም ይመልሳል፤ ነጭ ንግሥቲቱን ኤፍ3 ያደርጋል። ኤ8 ላይ ያለው ግንብ ተነክቷል፤ ጥቁር ፈረስ ወይም ጳጳስ ሳይከፍል አያመልጥም። የሚያዋጣው በልቶ መመለስ፣ በተገኘው ጊዜ ፈረሶችን አውጥቶ ዲ4ን በሲ5 መምታት ነው። ይህን ለሚቀበል ሰው ክፍትና ጤናማ ጨዋታ ነው።

መሀሉን ለቅቆ ከሩቅ መምታት

ሁለተኛው መልስ ፈረስ ኤፍ6 ነው። ኢ4ን በወታደር ሳይሆን በፈረስ ይከለክላል፤ ጥቁርም ዓላማውን አይገልጥም። ነጭ ሲ4 ይላል፤ መንገዶቹ ከዚህ ይለያያሉ።

ጥቁር ኢ6 ብሎ፣ ነጭ ፈረሱን ሲ3 ሲያወጣ ጳጳሱን ቢ4 ላይ ቢያሳርፍ የኒምዞ ህንድ መከላከያ ነው። ስሙን ያገኘው በሪጋ ከተወለደው ከአሮን ኒምዞቪች ነው። ሲ3 ያለው ፈረስ ከንጉሡ ፊት ስለተቸነከረ ኢ4ን መርዳት አይችልም። ብዙ ጊዜ ጥቁር ጳጳሱን ሰጥቶ ፈረሱን ይበላና ነጭን ሲ3ና ሲ4 ላይ የተደራረቡ ወታደሮች ያሸክመዋል። ዋጋው ሁለቱን ጳጳሳት ለነጭ መተው ነው፤ ሰሌዳው ከተከፈተ ሁለት ጳጳስ ከባድ ናቸው። ሌላም ነገር አለ። ነጭ በሦስተኛው እርምጃ ሲ3 ሳይሆን ኤፍ3 ላይ ፈረስ ካወጣ የሚቸነከር የለም፤ ስለዚህ ሌላ መልስ መያዝ ግድ ነው። እንደ እድል ሆኖ ኢ6 ስለተባለ ጥቁር ዲ5 ብሎ ወደ እምቢታው መከላከያ በሰላም መግባት ይችላል። እምቢታውን አስቀድሞ የተማረ ሰው ኒምዞን ቢጨምርበት ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የንጉሥ ህንድ መከላከያ ጠባዩ ሌላ ነው። ጥቁር ጂ6 ብሎ ጳጳሱን ጂ7 ላይ ያስቀምጣል፤ ኢ4ን አይከለክልም፤ «ና፣ ውሰድ» ይላል። ካስል ካደረገ በኋላ ኢ5 ብሎ ይመታል። ነጭ ዲ5 ብሎ መሀሉን ሲቆልፈው ጦርነቱ ለሁለት ይከፈላል። ነጭ በንግሥቲቱ ወገን በሲ5 ይሰብራል፤ ጥቁር ኤፍ5 ብሎ በነጭ ንጉሥ ላይ ይዘምታል። የሚሸነፈው የዘገየው ነው። ነጭ ሲቀድም የሚያገኘው ወታደር ነው፤ ጥቁር ሲቀድም የሚያገኘው ንጉሥ ነው። ብዙዎችን የሚያማልለው ይህ ነው። ፊሸርም ካስፓሮቭም ይወዱት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1997 በሊናሬስ ክራምኒክ ካስፓሮቭን በዚሁ መከላከያ ካሸነፈው በኋላ ካስፓሮቭ ራሱ ተወው። ይህ ለኛ ቢጤ ተጫዋች መከላከያው ሞቷል ማለት አይደለም፤ ነጭ በትክክል ሲያውቅ የጥቁር ኑሮ ጠባብ እንደሚሆን ግን ያሳያል።

ግሩንፌልድ የሚባለው በጂ6 ይጀምርና በሦስተኛው እርምጃ ዲ5 ይላል። ነጭ በልቶ፣ ፈረስ ለውጦ፣ ኢ4 ብሎ ትልቅ መሀል ይሠራል፤ ጥቁር ያንን መሀል በጂ7 ጳጳሱና በሲ5 ሲቦረቡር ይውላል። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1956 በ13 ዓመቱ ዶናልድ በርንን ያሸነፈበት «የምዕተ ዓመቱ ጨዋታ» የተባለው በዚህ መከላከያ ነው። ያማረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቃል በቃል መያዝ ያለበት መስመር አለው። አንዲት እርምጃ የዘነጋ ሰው የነጭ መሀል ተንከባሎ ይመጣበታል።

ኤፍ5 ብሎ የሚጀምረው የሆላንድ መከላከያም አለ። ቦትቪኒክና ብሮንስታይን እ.ኤ.አ. በ1951 ለሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ ሁለቱም ተጫውተውታል። ኢ4ን ከጎን ይከለክላል፤ ጥቁር በንጉሡ ወገን ሰፊ ቦታ ያገኛል። ችግሩ ገና በመጀመሪያዋ እርምጃ ከኤች5 ወደ ኢ8 የሚወስደው ሰያፍ መስመር መከፈቱ ነው። ነጭ ጳጳሱን ጂ5 ሲያደርግ ጥቁር ኤች6፤ ጳጳሱ ኤች4 ሲሸሽ ጥቁር ጂ5፤ ጂ3 ሲሸሽ ጥቁር ኤፍ4 ብሎ ያዝኩት ይላል። ነጭ ግን ኢ3 ይላል፤ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ከደረሰች ማት ነው። በስግብግብነት ጳጳስ ያሳደደ ሰው ንጉሡን ያጣል።

ሲ4 ሳይመጣ ሲቀር

እስካሁን የተባለው ሁሉ ነጭ ሲ4 ይላል በሚል ነው። ነገር ግን በየክበቡና በስልክ ላይ የሚጫወተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ዲ4 ብሎ ወዲያው ጳጳሱን ኤፍ4 የሚያወጣ ባላጋራ ነው። የለንደን ሥርዓት ይባላል። በትልቁ መድረክም አልጠፋም፤ ዲንግ ሊረን እ.ኤ.አ. በ2023 ከኔፖምኒያቺ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠም ስድስተኛውን ጨዋታ ያሸነፈው በዚህ ነው። አንድ ሰው ሦስት ወር የንጉሥ ህንድን አጥንቶ ቢመጣና ባላጋራው ለንደንን ቢጫወት ጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

መልሱ ብዙ አያስጨንቅም። ጥቁር ዲ5፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ከዚያ ሲ5 ብሎ ዲ4ን ይነካል፤ ሁለተኛውን ፈረስ ሲ6 ያወጣል፤ ኢ6 ይልና ጳጳሱን ዲ6 ላይ አስቀምጦ ከኤፍ4ቱ ጳጳስ ጋር ያፋጥጠዋል፤ ካስል ያደርጋል። የነጭ ጳጳስ ከሲ1 ስለወጣ ቢ2 ጠባቂ አጥቷል፤ ንግሥቲቱን ቢ6 ማድረግም የሚያዋጣ ጊዜ አለ። ዲ5ን መሠረት ያደረገ መከላከያ የመረጠ ሰው ለለንደን የተለየ ቤት መሥራት አያስፈልገውም። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

እንግዲህ እንዴት ይመረጥ?

ሦስት ጥያቄ በቂ ይመስለኛል። የመጀመሪያው «በሳምንት ስንት ሰዓት አለኝ?» የሚል ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ግሩንፌልድን ቢመርጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጥቂት ሰዓት ላለው ሰው እምቢታው ወይም ስላቭ ይበጃል፤ መስመር ቢረሳ እንኳ ጤናማ እርምጃ በማሰብ ሊደርስበት ይችላል።

ሁለተኛው «ለኢ4 የምመልሰው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ካሮ ካን የሚጫወት ሰው ሲ6ና ዲ5ን ለምዷል፤ ጳጳስን ከወታደር ሰንሰለት ውጭ ማውጣትንም ያውቃል። ስላቭ ለእሱ የአጎት ልጅ ነው። ፈረንሳይኛውን መከላከያ የሚጫወት ደግሞ ኢ6 ጀርባ የታሰረ ጳጳስ ይዞ መኖርን ያውቅበታል፤ እምቢታው አያስጨንቀውም። ጂ6 ብሎ ጳጳስ ጂ7 ላይ ማስቀመጥ የለመደ ወደ ንጉሥ ህንድ ቢሄድ ያምርበታል። አንድ ዓይነት የወታደር አሰላለፍ በሁለት መክፈቻ ሲያገለግል የሚጠናው ነገር በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ሐቀኝነት ይጠይቃል። «የምሸነፈው በምንድን ነው?» ጠባብ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ትዕግሥቱ የሚያልቅ ሰው እምቢታውን ቢመርጥ ራሱን ይቀጣል፤ ለእሱ በልቶ መመለሱ ይሻላል። ንጉሡ ሲጠቃ የሚደነግጥ ሰው ከሆላንድና ከንጉሥ ህንድ ይራቅ። የጨዋታ መጨረሻ ላይ በደካማ ወታደር የሚሸነፍ ሰው የወታደር አሰላለፉ ንጹሕ የሆነውን ይፈልግ። በምኞት ሳይሆን በልክ መስፋት ማለት ይህ ነው።

«ለምን አንዱን አሰላለፍ ለሁሉም አልጠቀምበትም?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጂ6፣ ጳጳስ ጂ7፣ ዲ6፣ ካስል ማለት ነጭ ምንም ቢጫወት ይቻላል፤ ለጀማሪም ይማርካል። ጉዳቱ ግን ተጫዋቹ ባላጋራውን ማየት ማቆሙ ነው። እርምጃው ትክክል የሚሆነው ባላጋራ ላደረገው ነገር መልስ ሲሆን ነው። ልጅን በዚህ ማስጀመር የሚያሰጋኝም ስለዚሁ ነው፤ ልጁ አሰላለፉን ይይዝና ለምን እንደሚያሰልፍ ሳያውቅ ያድጋል። ለልጅ ምክር የሚጠይቀኝ ወላጅ ቢኖር ዲ5 ብሎ ይጀምር፤ ኢ6 ብሎ ይደግፍ እላለሁ። መሀልን መያዝ፣ ፈረስን ማውጣት፣ ንጉሥን ማሳደር፣ ከዚያም በጊዜው ሲ5 ብሎ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምረው የለም። ሌላውን ሲያድግ ራሱ ይመርጣል።

ከተመረጠ በኋላ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የተመረጠው መከላከያ ቢያንስ ለ50 ጨዋታ ይሞከር። በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች መሸነፍ መከላከያውን አይፈርድበትም። ከሽንፈት በኋላ የሚጠየቀው «መከላከያው ይቀየር?» ሳይሆን «ጨዋታው የተበላሸው ስንተኛው እርምጃ ላይ ነው?» የሚል ነው። ከቀረጻው ጋር ተቀምጦ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከመክፈቻው በሰላም ወጥቶ በሃያኛው ወይም በሠላሳኛው እርምጃ ፈረስ በነጻ መስጠቱን ነው። ለዚህ በሽታ አዲስ መከላከያ መድኃኒት አይሆንም።

ኮምፒውተሩንም በልኩ ማማከር ነው። ለእምቢታው፣ ለስላቭና ለኒምዞ በዋናዎቹ መስመሮች ለነጭ የሚሰጠው ብልጫ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ወታደር ዋጋ ያንሳል። ይህቺን ብልጫ ወደ ድል የሚለውጥ ባላጋራ በኛ ክበብ አይገኝም። ይልቅስ አንድ ደብተር ይያዝ፤ ከየጨዋታው በኋላ ከሚታወቀው መስመር ማን እንደወጣ፣ የት እንደወጣና ምን ቢደረግ ይሻል እንደነበር በአንድ መስመር ይጻፍ። በተጨማሪም በዚያው መከላከያ ታላላቆች የተጫወቱትን ሃያ ያህል ሙሉ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ማየት ይገባል፤ አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ማቆም አይበቃም። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1972 በሬይክያቪክ ስፓስኪን በስድስተኛው ጨዋታ ያሸነፈው በዚሁ በእምቢታው አሰላለፍ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ስፓስኪ ራሱ ከታዳሚው ጋር ቆሞ አጨበጨበለት። እምቢታውን የሚያጠና ሰው ያንን ጨዋታ ከተሸናፊው ወገን ሆኖ ይመልከተው። የጥቁር ወታደሮች መሀል ላይ ምን ያህል ሊጨነቁ እንደሚችሉ፣ ከዚያም ምን መደረግ እንዳልነበረበት ከዚያ ይማራል።

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ አንዱን መርጦ ቢተኛ፣ ነገ ጥቁር ሲደርሰው ቢያንስ የሚጠብቀውን ችግር ያውቀዋል። የቀረው ልምምድ ነው።

ቸር ይግጠመን።